የማናየው አውሬ ሐቅ

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከወትሮው ራቅ ያለ ይመስላል። ጃጓር ስለሚባል አውሬ ነው። ስሙን ስንሰማ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የእንግሊዙ መኪና ነው፤ መኪናው ግን ስሙን የወሰደው በአሜሪካ አህጉር፣ ከሜክሲኮ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ድረስ ከሚኖረው ከዚህ ፍጡር ነው። የኛን ነብር የሚያውቅ ሰው ቢያየው ነብር ነው ብሎ ይምላል። ልዩነቱ ጃጓር ደንደን ያለ መሆኑ፣ ቆዳው ላይ ካሉት ቀለበቶች መሐል ጥቁር ነጠብጣብ መኖሩ፣ መንጋጋውም እጅግ መበርታቱ ነው። ሌሎቹ ወገኖቹ ጉሮሮ አንቀው ሲገድሉ እርሱ የራስ ቅል ይበሳል። ውሃም አይፈራም፤ ካይማን የሚባለውን የአዞ ዘመድ ከወንዝ ጎትቶ ያወጣል። ሱብሓነላህ!

ይህ አውሬ ድሮ ይኖርበት ከነበረው ምድር ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ከኤልሳልቫዶርና ከኡራጓይ ፈጽሞ ጠፍቷል። በዚህ ጉዳይ ልጽፍ ማሰቤን የሰማ አንድ ወንድም፣ «ሰው በሚራብበትና በሚፈናቀልበት ዘመን ስለ ባሕር ማዶ አውሬ ትጽፋለህ?» አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለና፤ አንድ ሙስሊም አይቶት የማያውቀው፣ የማይበላው፣ የማይጭነው፣ ቢያገኘውም ሊያጠቃው የሚችል ፍጡር በእርሱ ላይ ሐቅ አለውን?

በቅድሚያ አውሬው እንዴት እዚህ ደረጃ ላይ እንደደረሰ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከብራዚሉ የአማዞን ደን ብቻ በየዓመቱ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጃጓሮች ለቆዳቸው ሲባል ይገደሉ እንደነበር ይገመታል። ቆዳው የኒውዮርክና የአውሮፓ ሀብታም ሴቶች ካፖርት ይሆን ነበር። ብራዚል በ1967 የዱር እንስሳት አደንን በሕግ ከለከለች፤ በ1975 ደግሞ በመጥፋት ላይ ያሉ እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት የጃጓርን ቆዳ ንግድ ዘጋው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአራዊት ቆዳ መገልገልን ከልክለዋል። ዑለሞች ከምክንያቶቹ መካከል ትዕቢትንና የትዕቢተኞችን ልማድ ያነሳሉ። ዓለም ከአሥራ ሦስት ምዕተ ዓመታት በላይ ቆይቶ በስብሰባ የደረሰበትን ነገር መስጊድ ውስጥ የተቀመጠ ደረሳ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ጃጓርን ከሁሉ በላይ የሚያጠፋው ከብት ነው። ምስኪኗ ላም ጥፋት የለባትም፤ ነገሩ ወዲህ ነው። ፓራጓይ፣ አርጀንቲናና ቦሊቪያ በሚጋሩት ግራን ቻኮ በተባለው ደረቅ ደን፣ ቡልዶዘሮች በመሐላቸው ሰንሰለት ወጥረው ዛፉን ይገረስሱና ሣር ይዘራበታል። ደኑ ሲሄድ የዱር አሳማውና አጋዘኑ አብሮ ይሄዳል። ጃጓሩ ሲርበው ጥጃ ይወስዳል። ባለከብቱም ውሾቹንና ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግልገል ወልዳ ሁለት ዓመት ያህል ይዛቸው ስለምትዞር፣ አንዲት እናት ስትገደል የሚተካት ቶሎ አይገኝም። በመላ አርጀንቲና የቀሩት ጃጓሮች ከ250 እንደሚያንሱ ይገመታል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የብራዚሉን ፓንታናል ረግረግ ሩብ ያህሉን የበላው እሳት አለ፤ ከቦሊቪያ ወደ ቻይና ገበያ በድብቅ የሚላከው የጃጓር ክራንቻም አለ።

ጠያቂው ወንድማችን እዚህ ላይ፣ «ጥጃ የሚበላን፣ ሰውንም የሚያስፈራን አውሬ መግደል በሸሪዓ የተፈቀደ አይደለምን?» ቢለኝ እውነት አለው። በኢሕራም ላይ ሳይቀር እንዲገደሉ የተፈቀዱ አምስት ጎጂዎች በሐዲስ ተዘርዝረዋል፤ ተናካሹ ውሻ ከነርሱ አንዱ ነው። ኢማሙ ማሊክ (ረሒመሁላህ) በሙወጠእ እንዳስተማሩት፣ ሰውን የሚያቆስልና የሚያጠቃ አውሬ፣ አንበሳም ሆነ ነብር ወይም ተኩላ፣ በዚሁ ሥር ይጠቃለላል። የማያጠቃውን ግን ኢሕራም ላይ ያለ ሰው አይገድልም፤ ከገደለም ፊድያ አለበት። ጃጓር ሳይነካ ሰውን ማጥቃቱ እጅግ ጥቂት ጊዜ የታየ ነገር ቢሆንም ፈጽሞ አልተከሰተም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2025 በፓንታናል አንድ የይዞታ ጠባቂ በጃጓር ተገድሏል። አውሬው በሕይወት ተይዞ ከአካባቢው እንዲወገድ ተደረገ። ቢገደልም ኖሮ የሚቃወም ፈቂሕ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ሆኖም አንድን አጥቂ መግደል ሌላ፣ ዘሩን ከምድር ላይ መንቀል ሌላ ነው። በዚህ ላይ ያለን መረጃ ግልጽ ነው። መዲና ውስጥ ስለ ውሾች በተነሳው ጉዳይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውሾች ከኡመቶች መካከል አንድ ኡመት ባይሆኑ ኖሮ ሁሉም እንዲገደሉ ያዙ እንደነበር አመልክተዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ታላቁ የሐዲስ ሊቅ አል-ኸጣቢ (በ388 ዓመተ ሒጅራ ያረፉ) ይህንን ሲያብራሩ፣ ከፍጡራን ወገኖች አንዱን ምንም እስከማይተርፈው ድረስ ማጥፋት የተጠላ መሆኑን፣ አላህ (ሱ.ወ) ከፈጠረው ውስጥም ጥበብና ጥቅም የሌለው አንድም እንደሌለ ገልጸዋል። መነሻው በሱረቱል አንዓም በምድር የሚንቀሳቀሱትም ሆኑ በክንፋቸው የሚበሩት ሁሉ እንደኛው ኡመቶች መሆናቸው መነገሩ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትም አለ፤ ከቀደሙት ነቢያት አንዱን ጉንዳን ነከሳቸውና የጉንዳኖቹን መንደር አስቃጠሉ፤ አላህም ለአንዲት ጉንዳን ጥፋት ተስቢሕ የሚያደርግ ኡመት በመቃጠሉ ወቀሳቸው። ለአንድ ጥጃ ሲባል የአንድ ሸለቆ ጃጓር ሁሉ በውሻ ሲታደን ከዚህ በምን ይለያል? ልብ በሉ፣ ውሻም ጉንዳንም የተወደዱ ሆነው አይደለም ሐቅ ያገኙት። ፈጣሪያቸው ስለፈጠራቸው ብቻ ነው።

ለዚህም ነው ዛሬ በብዛት የሚቀርበው የገንዘብ ክርክር ልቤን የማይሞላው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በፓንታናል አንድ አካባቢ ጃጓር ለማየት የሚመጡ ቱሪስቶች በዓመት ወደ 6.8 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገቡ፣ ጃጓር በከብት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን 121 ሺህ 500 ዶላር ብቻ መሆኑን አሳይቷል። መልካም ነው፤ ባለከብቱን ለማሳመን ይጠቅማል። ግን ካሜራ የያዘ ቱሪስት የማይደርስበት የቻኮ ጃጓርስ? ገቢ ስለሌለው ሐቁ ይቀራል ማለት ነው?

አሁን ወደ ሰው ልመለስ። የአውሬ ተቆርቋሪዎች ድሃን የሚያፈናቅሉበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ጃጓርን ለመጠበቅ ከተከለሉት ቦታዎች ቀደምት የሆነው ኮክስኮምብ በቤሊዝ አገር ነው፤ በ1984 አደን ተከለከለበት፣ በ1986 የጃጓር መጠለያ ሆነ። እዚያው ይኖሩ የነበሩ የማያ ቤተሰቦች ግን ቦታውን ለቀው ወደ መንገዱ ዳር መውጣት ነበረባቸው። በኋላ ብዙዎቹ ከመጠለያው እንጀራ አግኝተዋል፤ ቢሆንም መሬቱን የለቀቀው ማን እንደነበር መረሳት የለበትም። ኢስላም የተከለለ ግጦሽ፣ ሒማ፣ ያውቃል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ለሒማው ጠባቂ ለሁነይ የሰጡት ትእዛዝ በቡኻሪ ተዘግቧል፤ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን አስገባ፣ የኢብኑ ዐውፍንና የኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን ተጠንቀቅ የሚል ይዘት ያለው ነው። ሀብታሞቹ ከብታቸው ቢያልቅ እርሻና ተምር አላቸው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ደጃቸው ይመጣል። በቻኮ የሚደረገው የዚህ ግልባጭ ነው። ሰፊው መንጋ ይገባል፤ በደኑ ውስጥ ሲኖሩ የኖሩት የአዮሬዮ ሰዎች፣ ከነርሱም ከውጭው ዓለም ጋር እስካሁን ያልተገናኙ ጭምር፣ ይወጣሉ። ጃጓሩንና አዮሬዮውን የሚያፈናቅለው ቡልዶዘር አንድ ነው። ወንድሜ ሰው ይቅደም ሲል በዚህ ቦታ ሁለቱ አልተጣሉም እለዋለሁ።

የኛስ ድርሻ? ብራዚል በዓለም ከፍተኛውን የሐላል ሥጋ ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ሳዑዲ ዐረቢያ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችና ግብጽ ደንበኞቿ ናቸው። ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህታችን ከሱፐርማርኬት የምትገዛው የበሬ ሥጋ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። በአማዞን ከተመነጠረው መሬት አብዛኛው ደግሞ የከብት ግጦሽ ሆኗል። ማሸጊያው ላይ ያለው ማኅተም ስለ ቢላዋው፣ ስለ ቢስሚላሁና ስለ ደሙ ይመሰክራል፤ ሣሩ በማን ቤት ላይ እንደበቀለ አይናገርም። ቁርኣን ግን የምንበላው ሐላልና ጠይብ እንዲሆን ሲያዝ ሁለት ቃል ነው የተጠቀመው። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ሥጋው ሐራም ነው አላልኩም። ጠይብ ስለሚለው ቃል ግን ዑለሞቻችን እንዲነጋገሩበት እጠይቃለሁ።

አውሮፓውያን ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የረባ ከብት ሥጋ እንዳይገባባቸው በ2023 ሕግ አውጥተዋል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን ተደጋግሞ ተራዝሟል። ችግሩ ጥጃው እጅ እየቀያየረ መሄዱ ነው። ደን ተመንጥሮ በተሠራ እርባታ ይወለዳል፣ ወረቀቱ ንጹሕ ወደሆነ ሌላ እርባታ ይሸጣል፣ ቄራ ሲደርስ የሚታየው የመጨረሻው ባለቤት ብቻ ነው። በብራዚል ቄራዎች ሐላሉን የሚያርዱት ሙስሊሞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሌላ አገር ተሰደው የመጡ ሠራተኞች። ያ አራጅ ቢላዋውን ይዞ ሲቆም ከብቱ የት እንደተወለደ ቢጠይቅ የሚመልስለት አያገኝም። ሥጋውን በመርከብ የሚያስጭኑት መንግሥታትና ነጋዴዎች ቢጠይቁ ግን ሻጩ መልስ ይዞ ይቀርባል። ወሏሁ አዕለም።