የመኪና ለቀስተኞች

ኦክቶበር 7 ቀን 2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከሜልቦርን ከተማ በስተሰሜን፣ ብሮድሜዶውስ ከሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ ደጃፍ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። የተሰበሰቡት ለስንብት ነው። ፎርድ በአውስትራሊያ ምድር ከ1925 ጀምሮ መኪና ሲሠራ ኖሮ፣ የዚያን ዕለት የመጨረሻዎቹን አውጥቶ በሩን ዘጋ። አብረው ካከተሙት መኪኖች አንዱ ቴሪቶሪ ይባላል።

ቴሪቶሪ በ2004 ገበያ የወጣ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ዛሬ ክሮስኦቨር ከሚሉት ወገን። ግማሽ ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ፈስሶበታል። ብልሃቱ ይኸ ነው፦ ሞተሩንና ብዙውን የውስጥ አካሉን ፋልከን ከተባለው የፎርድ አውቶሞቢል ወስዶ፣ ቁመናውን እንደ መስክ መኪና ከፍ አደረገ። አስፋልት ላይ ግን እንደ አውቶሞቢል ይታዘዛል። ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ከታከለለት ሰባት ሰው ይይዛል። ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሩ የሚሠራው እዚያው አገር፣ ጂሎንግ ላይ ነበር። ዊልስ የተባለው የአገሩ መጽሔት የ2004 ምርጥ መኪና ብሎ ሸለመው። አውስትራሊያውያን “የእኛ” ቢሉት አይፈረድባቸውም።

እስቲ ግን “የእኛ” የምትለዋን ቃል ጠጋ ብለን እንያት። የኩባንያው ባለቤት አሜሪካዊ ነው። በ2011 የመጣው የናፍጣ ሞተር ከእንግሊዝ ነው። ትርፍ ቢገኝ ወደ አሜሪካ፣ ኪሳራ ቢመጣ ደግሞ ብሮድሜዶውስ ላይ። ታዲያ የአውስትራሊያ የሆነው ምኑ ነው? የሚነድፈው አእምሮና የሚበይደው እጅ ይመስለኛል። (እኛም ብንሆን ሞጆ ላይ የተገጣጠመ መኪና “አባይ” የሚል ስም ሲወጣለት “ተገጣጠመ”ን ቶሎ ብለን “ተሠራ” አላልንም እንዴ?)

በ2013 ፎርድ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ የሰጠው ምክንያት የቁጥር ነበር። በአምስት ዓመት ስድስት መቶ ሚሊዮን ዶላር ከስሯል፤ የማምረቻ ወጪው ከአውሮፓው እጥፍ፣ ከእስያው ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። 1,200 ሠራተኞች ሥራቸውን ሊያጡ ሆነ።

ይህን ታሪክ ያጫወትኩት አንድ ወዳጄ፣ “ቢገዙት ኖሮ መች ይዘጋ ነበር? የአዞ እንባ ነው!” አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው። ላልገዙት ነገር ማዘን ይፈቀዳል ወይ?

ነገሩ እንደ ወዳጄ አነጋገር ቀላል ቢሆን ኖሮ መልሱም ይቀል ነበር። ቴሪቶሪን እኮ ገዝተውታል! ከ170 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ልጆች የጫነ አባወራና እማወራ ወደውታል፤ አንዳንዱም ፋልከኑን ሸጦ ነው የገዛው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው የቆመው በሁለቱም ነበር፤ የፋልከን ደንበኛ ወደ ትንንሽና ከውጭ ወደሚገቡ መኪኖች ሲሸሽ ቴሪቶሪ ብቻውን ሊሸከመው አልቻለም። መሪው በቀኝ ብቻ ስለነበር ገበያውም ከኒውዚላንድ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከመሳሰሉት እምብዛም አላለፈም። የዕድር ነገር ነው። አንድ ሰው ወርኃዊ መዋጮውን ሳያጓድል ይከፍላል፤ ሌላው ሲቀር ግን ዕድሩ ይፈርሳል፤ የእሱም ድንኳን አብሮ ይሄዳል። በዚህ ሰው ምን ይፈረዳል?

የቀረውም ቢሆን ሊከሰስ አይገባም ባይ ነኝ። ሦስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው የጎረቤቱን ደሞዝ ለማስቀጠል ውድ መኪና ይግዛ ብዬ መፍረድ አልደፍርም። በሌላ በኩል፣ “ዋጋውን ከፍያለሁ፣ ከማንም ዕዳ የለብኝም” የሚለው ሒሳብም አይዋጥልኝም። የተከፈለው ለኩባንያው ነው። ሠላሳ ዓመት ብረት ሲበይድ የኖረው ሰው ሙያ ከደሞዙ ጋር አልተሸጠም፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ገዢ የሌለው ንብረት ሆኖ እጁ ላይ ቀረ። ለቀስተኞቹ ያዘኑት ለዚህ ከሆነ እንባቸው የአዞ አይደለም።

እኛ ይህን እንባ አላወቅንበትም። ለበዓል የምንለብሰውን የሠራልንን ሰው “ሸማኔ” ብለን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ጥበቡን እንወዳለን፤ ጠቢቡን ግን ልጃችንን አንድርለትም።

ብሮድሜዶውስ ከተዘጋ በኋላ መሐንዲሶቹና ነዳፊዎቹ እዚያው አውስትራሊያ ቀርተዋል። የነደፉት ሬንጀር የተባለው ፒክአፕ ከታይላንድ እየመጣ በ2023 በአገሩ ከሁሉም በላይ የተሸጠ መኪና ሆነ። ቴሪቶሪ የሚለውንም ስም ፎርድ በ2018 አንስቶ ቻይና ውስጥ ለሚሠራ ሌላ መኪና ሰጠው። ሽሮ ሜዳም ወረድ ብላችሁ ብታዩ፣ ከሸማኔው እጅ የተቀዳው ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ፣ ከሸማኔው ሥራ ጎን ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል።