ቀን ከመቁረጥ ብረት እስከ መቁረጥ

ኦገስት 2011 ሞስኮ አጠገብ ባለችው ዡኮቭስኪ ከተማ የአቪዬሽን ትርዒት ነበር። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ሾጣጣ አምሳያ ነው፤ ሩሲያ የ«ሶዩዝ»ን ቦታ ይወስድልኛል ያለችው አዲስ ሰው ጫኝ መንኮራኩር። ቀኑ አስቀድሞ ተቆርጦለታል፤ ሰው ሳይጭን በ2015፣ ሰው ጭኖ በ2018 ይበራል ተብሏል። ከእነዚህ ቀኖች ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው፣ ግንባታው ዛሬ ነገ ሳይባል መጀመር እንዳለበት ማስላት አይከብደውም። ብዙዎች እንዲያ አሰሉ፤ ብዙዎችም ተሳሳቱ።

የዲዛይኑን ሥራ በኤፕሪል 2009 ያገኘው ኢነርጂያ የተባለው ድርጅት ነው። ኢነርጂያ ጀማሪ አይደለም፤ ጋጋሪንን ወደ ጠፈር የላከው የሰርጌይ ኮሮልዮቭ ቢሮ ወራሽ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ቀን ሲቆርጥ ማን ይጠራጠራል? ጣጣው የነበረው ከመንኮራኩሩ ሥር ነው። የሚሸከመው ሮኬት «ሩስ-ኤም» ይባላል፤ ሮኬቱ ግን ከወረቀት አልወጣም። የሚነሣበት ጣቢያ ቮስቶችኒ፣ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ ገና ሊገነባ ነው። ያልተሠራ መንኮራኩር ባልተሠራ ሮኬት ላይ፣ ያልተሠራው ሮኬት ባልተሠራ ጣቢያ ላይ ቆመ፤ የእንቧይ ካብ ይሏል ይሄ ነው። ትርዒቱ ካለፈ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 2011፣ የጠፈር ኤጀንሲው ኃላፊ ቭላዲሚር ፖፖቭኪን «ሩስ-ኤም» መሰረዙን ለሕዝብ እንደራሴዎች ተናገሩ።

ታዲያ ሮኬት ቢቀየር ምን አለበት፣ ጭነትን ከአንዱ አይሱዙ ወደ ሌላው እንደ ማዛወር አይደል የሚል ይኖራል። አይደለም። መንኮራኩሩ ስንት ቶን መመዘን እንደሚችል የሚወስነው ሮኬቱ ነው። ሮኬቱ ቢፈነዳ ተሳፋሪዎቹን ነጥቆ የሚያርቀው የማምለጫ ሞተር ጉልበቱ የሚሰላው ከሥር ባለው ሮኬት ጠባይ ነው። ሁለቱ የሚጋጠሙበት ቀለበት፣ የማስወንጨፊያው ማማ ቁመት፣ ጠፈርተኞቹ ተሻግረው የሚገቡበት መወጣጫ፣ ሁሉም ሮኬቱን ይከተላል። ስለዚህ ሮኬት በተቀየረ ቁጥር መሐንዲሱ ወደ ሥዕሉ ይመለሳል። ከ«ሩስ-ኤም» በኋላ ደግሞ «አንጋራ» ተባለ፤ ከዚያ «ሶዩዝ-5» የተባለ ሌላ ሮኬት ከባይኮኑር ጣቢያ ተባለ፤ ከዚያ እንደገና ወደ «አንጋራ»ና ወደ ቮስቶችኒ ተዞረ።

አካሉስ ከምን ይሠራ? ክብደት እንዲቀንስ ብለው ካርቦን ፋይበር ሲያስቡ ኖረው፣ በ2019 የመጀመሪያው ከአልሙኒየም እንደሚሆን ተሰማ። ይህ ዝርዝር ይምሰል እንጂ ለእኔ የታሪኩ እምብርት ነው። ከምን እንደሚሠራ ያልተወሰነ ነገር ምኑ ተቆርጦ ይጀመራል? ስም ማውጣቱ ግን አላስቸገረም። ለሕዝብ ውድድር ቀርቦ በ2016 «ፌዴራትሲያ» ተባለ፤ በ2019 ስሙ ተለውጦ «ኦርዮል»፣ ንስር፣ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለላሟ ሁለት ስም አላወጣላትም ነበር።

የዚያው ቢሮ የቀድሞ ሥራ ከዚህ ጎን ሲቀመጥ ነገሩ ይገለጣል። የሶቪየት መንግሥት የ«ቮስቶክ» መንኮራኩርን ሥራ ያዘዘው ሜይ 22 ቀን 1959 ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ ሜይ 15 ቀን 1960፣ የመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ ምሕዋር ገባ። (ሲመለስ አቅጣጫው ተሳስቶ ወደ ምድር በመውረድ ፈንታ ከፍ ወዳለ ምሕዋር ወጣ እንጂ።) ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ጋጋሪን በረረ። ፍጥነቱን ብዙ ሰው ለኮሮልዮቭ ቁጣና ለቀዝቃዛው ጦርነት ይሰጠዋል፤ ድርሻ አላቸው። ግን «አር-7» ሮኬት ከ1957 ጀምሮ ሲበር ነበር። የባይኮኑር ማስወንጨፊያ ቆሟል። የ«ቮስቶክ»ን አካል ለስለላ ሳተላይትም ስለሚጠቀሙበት ወታደሮቹ ሥራውን የሚደግፉበት የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ቅርጹን ክብ አደረጉት፤ ክብ ኳስ ከታች ከከበደ አየር ሲመታው ማንም ሳይነዳው ራሱ ይስተካከላል። በለስላሳ ማሳረፉን ገና ስላልቻሉበት አልጠበቁትም፤ ጠፈርተኛው 7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከነወንበሩ ተስፈንጥሮ በራሱ ጃንጥላ ይውረድ አሉ። የቀራቸው መንኮራኩሩ ብቻ ነበር።

ለ«ኦርዮል» ደግሞ ሌላም ነገር ጎድሎታል፤ የቸገረው ሰው። «ሶዩዝ» ከ1967 ጀምሮ ሰው ያመላልሳል። በ2011 አሜሪካኖች የጠፈር መመላለሻቸውን ሲያቆሙ እስከ 2020 ድረስ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚሄዱት ለ«ሶዩዝ» ወንበር እየከፈሉ ነበር። አሮጌው እየሠራ ገንዘብም ሲያስገባ፣ አዲሱ ቢዘገይ ማን ያለቅሳል?

እርግጥ ነው፣ ግንባታ ተጀመረ ማለት በረራ ደረሰ ማለት አይደለም። የአሜሪካዋ የጠፈር መመላለሻ «ኮሎምቢያ» ሥራዋ በ1975 ተጀምሮ በ1979 ትበራለች ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሙቀት መከላከያ ጡቦቿ እየተነቀሉ ሞተሮቿም በሙከራ እያስቸገሩ 1981 ገባ። ያኛው ግን ሌላ ዓይነት መዘግየት ነው፤ ሠራተኛው ወርክሾፕ ውስጥ፣ እጁ ሥራው ላይ ሆኖ የሚዘገየው። የ«ኦርዮል» መዘግየት ከወርክሾፑ በር ውጭ የነበረ ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ መንኮራኩር መቼ መሠራት ይጀምራል ብለው ቢጠይቁኝ፣ መግለጫውን ትቼ ሮኬቱ በርሮ ያውቃል ወይ እላለሁ። ለአካሉ የሚሆነው ቆርቆሮ ታዝዟል ወይ እላለሁ። ቢዘገይ ማን ሥራ ይፈታል እላለሁ። በ2011 እነዚህን የጠየቀ ሰው ቀኑን ባያውቅ እንኳ 2015 እንደማይሆን ያውቅ ነበር።

ኤፕሪል 11 ቀን 2024፣ ጋጋሪን የበረረበት 63ኛ ዓመት ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ «አንጋራ-ኤ5» ለመጀመሪያ ጊዜ ከቮስቶችኒ ተነሣ። ሮኬቱም ጣቢያውም በመጨረሻ ተገናኙ። ጫፉ ላይ የነበረው የሙከራ ጭነት ነው።