ወሬው እውነት ቢሆንስ?

«ያቺን ትንሽ ኩባንያ ትልቁ ኩባንያ ሊጠቀልላት ነው ይባላል፤ የአክሲዮን ዋጋዋ በሳምንት እጥፍ ሆነ» አልከኝ በስልክ። ልጄ፣ ወሬው ውሸት ነው አልልህም። እውነት ሆኖም ልትከስርበት ትችላለህ፤ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

አላናን ልንገርህ። አላና ፖታሽ እዚህ ቶሮንቶ ገበያ የተመዘገበች፣ ሥራዋ ግን አፋር፣ ዳናክል ላይ የነበረ ትንሽ ኩባንያ ነበረች። የማዳበሪያ ፖታሽ ከዚያ በረሃ አውጥታ በጅቡቲው ታጁራ ወደብ ልትልክ ነበር ሐሳቧ። የአገር ነገር ነውና ስሟን የሰማ ሐበሻ ሁሉ ልቡ ሞቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 አክሲዮኗ ከ1 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቡና በተጠጣ ቁጥርም «ትልልቆቹ መግዛታቸው አይቀርም» ይባል ነበር። እውነትም አልቀረም! በ2015 የእስራኤሉ የማዳበሪያ ኩባንያ አይሲኤል ጠቀለላት። በስንት? አንዷን አክሲዮን በ50 ሳንቲም። ከሰሞኑ የገበያ ዋጋ ከፍ ያለ ነበር፣ አልክድም። ገዢ ግን ሒሳቡን የሚጀምረው ከትናንቱ ዋጋ ነው፤ አንተ በስንት እንደገባህ ማን ይጠይቅሃል?

ለምን ረከሰች? የማዕድን ማውጫውን ለመገንባት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስፈልግ ነበር፤ እጇ ላይ ግን አልነበረም። እንዲህ ያለች ኩባንያ ገና ምንም አልሸጠችም። ደመወዝ የምትከፍለውም፣ ቁፋሮ የምታስቆፍረውም አዲስ አክሲዮን እያወጣች በመሸጥ ነው። ዋጋዋ የዘለለ ቀን ደግሞ የሷ የገበያ ቀን ነው። አንተ ተሯሩጠህ በገዛህ ሰሞን አዲስ አክሲዮን ከገበያው ዋጋ ዝቅ ተደርጎ ለትልልቅ ባለገንዘቦች ይሸጣል፤ ያንተ ድርሻ ውኃ እንደበዛበት ጠላ ይቀጥናል።

«ትልልቆቹ ላይስ?» ትለኝ ይሆናል። በኦገስት 2010 ግዙፉ የማዕድን ኩባንያ ቢኤችፒ የካናዳውን ፖታሽ ኮርፕ በአክሲዮን 130 የአሜሪካ ዶላር ልግዛ አለ። ዋጋው በዚያው ቀን ከ140 አለፈ። ከ130 በላይ የከፈለው ሰው «ይጨምራሉ፤ ካልሆነም ሌላ ገዢ ይመጣል» ባይ ነበር። ጭማሪውም ሌላው ገዢም ሳይመጣ፣ በኖቬምበር የካናዳ መንግሥት ለአገሪቱ የሚጠቅም ሆኖ አላገኘሁትም ብሎ ከለከለ። ዋጋው በኋላ ወጥቷል፤ ያ ግን የማዳበሪያ ገበያ ሥራ ነው እንጂ የገዢው አይደለም።

አትግዛ አልልህም፤ ገንዘቡ ያንተ ነው። እናትህ ግን ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ያጠራቀምከው መሆኑን ነግራኛለች፣ እሱን ባትነካው ደስ ይለኛል። ከዚያ ውጭ ያለህን ይዘህ ከመግባትህ በፊት የኩባንያዋን የሩብ ዓመት ሪፖርት አውጣ። ባንክ ያላትን ጥሬ ገንዘብ በሦስት ወር ለምታወጣው አካፍለው። የአክሲዮኖቿን ብዛት ካምናው ጋር አስተያይ። ከገዛህም «በገበያ ዋጋ ግዛ» የሚለውን እንዳትነካ፤ ሻጭ በሳሳበት ሰዓት ያልጠበቅከው ዋጋ ላይ ያሳርፍሃል። የምትከፍለውን ራስህ ጻፍ፣ ካልተገኘ ይቅር። ቁጥሮቹን ስታገኝ ደውልልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።