ስማቸው ያልተጻፈ ነገሥታት

በአዲስ ዓለም ደብረ ጽዮን ማርያም ቅጥር ውስጥ ከጥድ ሥር ተቀምጠን ትርጓሜ በምንሰማበት ዘመን፣ የኔታ በብራናው ቅጠሎች መካከል ለምልክት የሚያኖሩት ክር ወይም ቁራጭ ጨርቅ ሳይሆን ከግቢው የተነጨ ሣር ነበረ። ከምዕራብ ወጥቶ እግሩ ምድርን ሳይነካ የሮጠው አውራ ፍየል ታላቁ ቀንዱ ተሰብሮ በምትኩ አራት ቀንዶች የበቀሉበትን የትንቢተ ዳንኤልን ምዕራፍ ባነበቡልን ዕለት፣ ከመካከላችን ነገር ማብዛት የሚወድ አንድ ልጅ «የኔታ፣ የአራቱ ቀንዶች ስማቸው ማን ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። እርሳቸውም ሣሩን አንሥተው በጣቶቻቸው መካከል እያሹ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ሊቃውንት በትርጓሜ ስም ይሰጡሃል፤ መጽሐፉ ግን አልጻፋቸውም። ያልጻፈበትን ምክንያት ያገኘህ ዕለት ደግሞ መጥተህ ለእኔ ትነግረኛለህ» አሉት። ያ ልጅ እኔ አልነበርኩም፤ እኔ ለመጠየቅ የምደፍር አልነበርኩም፤ ነገሩ ግን ከጠያቂው ይልቅ እኔ ላይ ቀረ።

የጽርእ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ስማቸውን አልነፈጉንም። በትርጓሜ ታላቁ ቀንድ የሚባለው እስክንድር በ323 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በባቢሎን ሲሞት ዕድሜው 33 አልሞላም ነበር፤ መንግሥትህን ለማን ትተዋለህ ቢሉት «ለብርቱው» ብሎ መለሰ ይባላል። ቃሉን ተናገረውም አልተናገረውም፣ የጦር አለቆቹ እንደ ኑዛዜ ተቀብለው አርባ ዓመት ያህል በሰይፍ ሲተረጉሙት ኖሩ። በ306 አንጢጎኖስ ከልጁ ከድሜጥሮስ ጋር ዘውድ ቢደፋ፣ በጥሊሞስ በግብፅ፣ ሰሉቆስ በባቢሎን፣ ሊሲማኮስ በትራቄ፣ ቃሳንድሮስ በመቄዶንያ ተከታትለው ንጉሥ ተባሉ፤ ከነዚህም አንዱ ስንኳ ከንጉሥ አብራክ የወጣ አልነበረምና፣ የሁሉም ማስረጃ በጦሬ የያዝኩት ምድር የእኔ ነው የሚለው ብቻ ነበረ። በ301 በኢጵሶስ ሜዳ ሰሉቆስ ከህንድ ያስመጣቸውን 400 ያህል ዝሆኖች በድሜጥሮስ ፈረሰኞችና በአባቱ ሰልፍ መካከል አስገብቶ መመለሻ ባሳጣው ጊዜ፣ የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ አንጢጎኖስ ልጄ አሁን ይደርስልኛል እያለ፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ በጦር ተወግቶ ወደቀ።

ከዚያ ዘመን ሰዎች ሁሉ ልቤን የሚይዘው ግን ንጉሥ ሳይሆን የቀረው ኤውሜኔስ ነው። የእስክንድር ጸሐፊ የነበረ፣ በትውልዱም መቄዶናዊ ያልሆነ ሰው ስለ ነበረ መኳንንቱ አልታዘዝ ቢሉት፣ ድንኳን አስተክሎ በውስጡ የወርቅ ዙፋን አኖረ፤ በዙፋኑም ላይ የሟቹን ዘውድና በትረ መንግሥት አስቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ለዚህ ሰው አልሰግድም የሚለው ሹም ሁሉ በባዶው ወንበር ፊት ዕጣን እያጠነ ይመክርና በባዶው ወንበር ስም ትእዛዝ ይቀበል ጀመር። ብልሃቱ ለጊዜው ሠራ። በኋላ አንጢጎኖስ የወታደሮቹን ጓዝና ቤተሰብ ቢማርክባቸው ግን፣ እነዚያው ዕጣን አጣኞች ኤውሜኔስን አስረው ለጓዛቸው ልዋጭ ሰጡት፤ እርሱም በእስር ተገደለ።

የእኛ ነገሥታት እንደ ድሜጥሮስ አምላክ አልተባሉም። አቴናውያን ለድሜጥሮስ መሠዊያ ሠርተውለት ነበር፤ የእኛዎቹ ግን ማዕርጋቸው ሥዩመ እግዚአብሔር ነው፤ ሥዩም ማለትም ተሿሚ ማለት ነው፤ የሚሾም ደግሞ እንደሚሽር በቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ ሁለት ሥዩማን፣ በአንድ ቅብዐ መንግሥት ከብረው፣ አንድ ጸሎተ ሃይማኖት ደግመው፣ በአንድ ሜዳ ጦር ሲማዘዙ እግዚአብሔር ከማን ወገን ይቆማል? የብዙ ሰው መልስ ፈጣን ነው፤ ያሸነፈው የተመረጠው ነው፤ ድል የፍርዱ ማኅተም ነው ይላል። በዚህ መልስ ዜና መዋዕል የጻፉ ሁሉ ተደላድለው ኖረዋል፤ እኔ ግን መደላደል ካቃታቸው ወገን ነኝ።

ደጃዝማች ውቤ በሰሜን ደረስጌ ማርያምን ሲያሠራ በዚያ ቤተ መቅደስ ዘውድ ለመጫን አስቦ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ድል ነሥቶት፣ ጥቂት ቀን ሳይቆይ በዚያው ለውቤ በተዘጋጀው ቤት በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተባለ። ድል ማኅተም ከሆነ ይህ ከሁሉ የጠራ ማኅተም ነበረ፤ ሌላው ሰው በሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ለሌላው ሰው በተደገሰ በዓል! ከ13 ዓመት በኋላ በመቅደላ ያንን ማኅተም ማን ፋቀው? እንግሊዞች ፋቁት ያልን እንደሆነ እግዚአብሔር ወደ እነርሱ ተሻገረ ልንል ነው፤ አልተሻገረም ካልን ደግሞ በደረስጌም አልነበረም ማለታችን ነው።

ይህን ነገር በእንባቦ ጦርነት ላይ ባየው ይበልጥ ይጠራልኛል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሁለቱም ለአጼ ዮሐንስ የሚገብሩ ነበሩ፤ የተጣሉትም ከዓባይ ወዲህ ባለው አገር፣ ወደ ጊቤና ወደ ከፋ በሚያሻግረው ንግድና ግብር ነው። በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ ምድር ተገናኝተው፣ በራስ ጎበና ፈረሰኞች ብርታት ጭምር ድሉ ለሸዋ ሆነ፤ ተክለ ሃይማኖትም ቆስሎ ተማረከ። የደብተራዎቹ ብዕር ማኅተሙን ሊያትም በተዘጋጀበት ሰዓት ከአጼ ዮሐንስ ዘንድ የመጣው ፍርድ ግን እንግዳ ነበረ፤ ከተሸናፊው ላይ አገው ምድርን፣ ከአሸናፊው ላይ ደግሞ ወሎን ነጠቀ። ሁለቱንም የሾመ እጅ ሁለቱንም ቀጣ። የምድሩ ንጉሠ ነገሥት እንኳ ድልን እንደ ጽድቅ ካልቆጠረ፣ የሰማዩን ንጉሥ ለምን ከዚያ ባነሰ ማስተዋል እናማዋለን?

ሁለቱ ነገሥታት ስለ ተዋጉበት አገር ባለቤቶች ግን ከሁለቱም ወገን የጠየቀ አልነበረም። የሆሮ ጉዱሩ ገበሬ ማሳው የማን እንደሚሆን በሌሎች ጦር ሲወሰን በዚያው ማሳ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ይህን የምጽፍባት ከተማ ራሷ አዲስ ዓለም ከመባሏ በፊትም ሆነ በኋላ ኤጄሬ ስትባል የኖረች መሆኗን ሳስብ፣ በጦር የያዝኩት የእኔ ነው የሚለው ሕግ በባሕር ማዶ ብቻ የተጻፈ አይመስለኝም። የዳንኤል መጽሐፍም የደቡቡ ንጉሥና የሰሜኑ ንጉሥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ የሚረገጠውን ምድር መልካሚቱ ምድር ብሎ ሲጠራ፣ ረጋጮቹን ግን ከአቅጣጫ በቀር መጠሪያ አልሰጣቸውም፤ ደቡብና ሰሜን ብቻ።

ቅዱሱ መጽሐፍ ድልን እንዴት እንድናነብ ያስተማረን በዳዊት ነው። ሳኦል በዋሻው ውስጥ ብቻውን በእጁ በገባ ጊዜ፣ የዳዊት ሰዎች ይህ ዕለት እግዚአብሔር ጠላትህን አሳልፎ የሰጠበት ዕለት ነው ብለው ተረጐሙለት። እርሱ ግን የልብሱን ዘርፍ ቆርጦ ስለዚያም እንኳ ልቡ ወቀሰው፤ የተቀባውን አልነካም አለ። ዳዊት ራሱም የተቀባ ነበረና መብት አጥቶ አይደለም፤ የገጠመን ምቹ ጊዜ ሁሉ የእግዚአብሔር ቃል አድርጎ ማንበብን እምቢ አለ እንጂ። ሊቃውንቱ ፈቃደ እግዚአብሔርንና ትዕግሥተ እግዚአብሔርን የሚለዩት፣ የታገሠውን ሁሉ ወደደው እንዳይባል ነው።

ምኒልክ ምርኮኛውን ንጉሥ በክብር ያዘው፤ ቁስሉንም እንዳስታመመው ይነገራል፤ በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ ነገሠ። ኤውሜኔስን የያዘው አንጢጎኖስ ያላደረገውን አደረገ ማለት ነው፤ ከ14 ዓመት በኋላ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዞ ከምኒልክ ጎን ተሰለፈ። አንባቢ ዐድዋን ጠቅሶ በዚያስ ድሉ የማን ነበር ቢለኝ፣ አገሩን ከወራሪ የሚከላከልና ዙፋን የሚሻማ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም እላለሁ። ምኒልክን ዳዊት ማድረጌም አይደለም፤ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ በካዎ ጦና ላይ የዘመተው የእርሱ ጦር ያፈሰሰው ደም ይህን እንዳልል ይከለክለኛል። ዳዊትም ቢሆን የኦርዮ ደም አለበት።

ወደ አራቱ ቀንዶች ልመለስ፤ አገራችንም ከጦርነታቸው አልራቀችም ነበርና። በንጉሥ ካሌብ ዘመን ቆዝሞስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ቢመጣ፣ በከተማይቱ መግቢያ ከእብነ በረድ የተሠራ ዙፋን፣ ከኋላውም በጽርእ ፊደል የተጻፈበት ጥቁር ድንጋይ አገኘ። ድንጋዩ የሦስተኛው በጥሊሞስ ነበረ፤ ከኢትዮጵያና ከባሕሩ ዳርቻ የታደኑ ዝሆኖችን አሰልፎ በሰሉቆስ ልጆች አገር ላይ መዝመቱን ይተርካል። የእኛ አገር ዝሆን ስለማያውቀው ንጉሥ ጠብ በመርከብ ተጭኖ ሄደ! በ217 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በራፊያ ጦርነት የአራተኛው በጥሊሞስ 73 ዝሆኖች በሰሉቃዊው በአንጥያኮስ 102 የህንድ ዝሆኖች ፊት ሽታውንና ጩኸቱን ፈርተው ወደ ኋላ ሸሹ ይባላል። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንላለን፤ በራፊያ ግን ዝሆኖቹም ሣር ነበሩ።

በዙፋኑ ላይ ያለው ጽሕፈት ደግሞ ሌላ ነው፤ ቆዝሞስ አንድ መስሎት አያይዞ ቀዳው እንጂ፣ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሕፈት ነበረ። እርሱም ያስገበራቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ድሉን ስለ ሰጠው አርያስ ለተባለው አምላኩ ያመሰግናል። አምላኩ ድል ሰጠኝ ያለው የዚህ ሰው ስም ቆዝሞስ በቀዳው ጽሕፈት ውስጥ የለም፤ እስከ ዛሬ ስም የለሽ ነው። በቆዝሞስ ጊዜ ዙፋኑ ባዶውን ቆሞ፣ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች በፊቱ ይገደሉ ነበር። የኤውሜኔስ ወንበር ዕጣን ይጤስለት ነበር፤ ይህ ደግሞ ደም ይፈስስበታል።

ሆኖም ያ የበጥሊሞስ ቤት፣ ዝሆኖቻችንን የነዳው ቤት፣ በእስክንድርያ ሰብዓ ሊቃናት ብሉይ ኪዳንን ወደ ጽርእ የመለሱበት ነው የሚባልለት ቤትም ነው፤ የእኛ የግእዝ ብሉይ የተቀዳው ከዚያ ነው። ስለዚህ የኔታ በጥድ ሥር ያነቡልን የነበረው ዳንኤል ራሱ፣ የነዚያን ነገሥታት ስም የማይጠራው መጽሐፍ፣ በነርሱ ቋንቋ አልፎ የመጣ ነው። እግዚአብሔር በነገሥታቱ ጠብ ውስጥ የት ነበረ ለሚለኝ ሰው፣ ከኢጵሶስ ሜዳ ይልቅ ጸሐፊዎቹ በተቀመጡበት ክፍል ብፈልገው ይቀለኛል።

ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ስላለቀ አዲስ ዓለምን መናገሻ ለማድረግ አስቦ እዚህ ኮረብታ ላይ አዳራሹን አስጀመረ። በኋላ ባሕር ዛፍ በፍጥነት እየበቀለ አዲስ አበባን ከመፈለስ ስላዳናት፣ ለንጉሥ የተጀመረው ቤት ለማርያም ተሰጠ። በኅዳር ጽዮን ዕለት ንጉሡ ሊገባበት በታሰበው ቅጥር ታቦቷ ስትወጣ ባየሁ ቁጥር፣ ውቤ በደረስጌ የሠራው ቤትና ይህ ቤት በተቃራኒ መንገድ የሄዱ ይመስሉኛል።

የኔታ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። ያ ልጅም ምክንያቱን ሳይነግራቸው አገር ለቆ ሄደ። ባለፈው ዓመት ብራናውን በያዙት ሰው ፈቃድ ገልጬ ስምንተኛውን ምዕራፍ አገኘሁት፤ ሣሩ የለም፤ ከአራቱ ቀንዶች ቃል አጠገብ ግን፣ በብራናው ላይ፣ አንድ ጣት የሚያህል አረንጓዴ መስመር አሁንም ይታያል።