ለቆላው አገር የእርሻ ተማሪዎች

ከሳንጃ እስከ መተማ፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው ጥቁር ዋልካ መሬት ማሽላውን፣ ሰሊጡንና ጥጡን ሳይሰስት የሚሰጥ የእግዚአብሔር ጸጋ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ጸጋ በዕውቀት ሊጠብቅ የተማረው ሰው ወባውንና ሐሩሩን ሽሽት ፊቱን ወደ ደጋው ጽሕፈት ቤት ሲመልስ ማየት እጅግ ያሳዝናል። ስለዚህ በዚህ አገር ተወልዳችሁ የእርሻን ትምህርት የምትከታተሉ ልጆቻችን ሆይ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አገልግሎት እንድትመረምሩ እመክራችኋለሁ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በሸዋ ወሎንኮሚ ከድኻ ቤተሰብ ተወልደው፣ ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዚያም በአሜሪካ ወደሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ደርሰው እ.ኤ.አ. በ1978 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በማግስቱ ዓመት ግን የሄዱት ወደ ሱዳን ዋድ መዳኒ፣ የእኛን ቆላ ወደሚመስለው ትኩስ ምድር ነበር፤ በዚያም ድርቅን የሚቋቋም፣ ሐጊን ዱራ 1 የተባለ ድቅል ማሽላ አፍልቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬው እንዲደርስ አደረጉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለሳንጃ ሰው የሚቀርበው በአቀንጭራ ላይ የተጋደሉት ተጋድሎ ነው። ይህ ጥገኛ አረም በሺህ የሚቆጠር፣ ዓይን ለማየት የሚቸገርበት ደቃቅ ዘር አፍርቶ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ያደፍጣል፤ የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ረቂቅ ንጥረ ነገር ሲደርሰው ብቻ ነቅቶ ይበቅልና በሥሩ ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጠምጣል። ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን ምሥጢር ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት መርምረው፣ ያን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ የሚያመነጩትን ማሽሎች ለይተው ከምርታማዎቹ ጋር አዳቀሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994ም 8 ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በአገራችንም ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የዚሁ ድካም ፍሬ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ለእርሳቸው መሰጠቱ የተገባ ነው፤ እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ አንድን ተንኮለኛ አረም ሳይሰለቹ የተከታተሉበትን ዘመን አብዝቼ አከብራለሁ።

እንግዲህ እናንተ ወደ ማሳ ስትወርዱ መጽሐፋችሁን ብቻ ይዛችሁ አትውረዱ። ለአርባ ዓመት በዋልካው ላይ ያረሱትን አባት ከጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁትንም በጥቂት ስንዝር መደብ ላይ ፈትኑ። ማሽላን በማሽላ ላይ መዝራት አቀንጭራን መቀለብ መሆኑን ለገበሬው አስረዱ፤ ሰሊጥና ጥጥ ግን የአረሙን ዘር አስነሥተው በሥሮቻቸው ሳይቀልቡት እንዲጠፋ ስለሚያደርጉ፣ አዝርዕትን በየዓመቱ ማፈራረቁ ራሱ የቆላው መድኃኒት ነው። ይህን የነገራችሁት ገበሬ፣ ሰሊጥ በተወደደበት ዓመት ሰሊጥን ብቻ፣ በረከሰበት ዓመት ማሽላን ብቻ እንዳይዘራ በዘር ወራት ደግማችሁ ጎብኙት፤ ምክር አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚበቃ አይደለም። ሐምራዊው አበባ ዘር ሳያፈራም ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ እንዲነቅለው ከጎኑ ቆማችሁ ንቀሉ።

በየመሥሪያ ቤቱ የተሾማችሁ አለቆችም፣ ባለሙያውን በዘርና በአረም ወራት ለስብሰባና ለሪፖርት እየጠራችሁ ከማሳው አትለዩት። ሲዛወርም፣ የትኛው ማሳ በየትኛው ዓመት ምን እንደተዘራበትና አቀንጭራው ምን ያህል እንደቀነሰ የጻፈበትን መዝገብ፣ በሥፍራው ለሚተካው ሰው በእጁ አስረክቦ እንዲሄድ እዘዙት።