«ካንዲድ» የማን ድርሰት ነው?

አንድ የኦፔራ ቤት ሙዚቃዊ ቴአትር ለመድረክ ሲያበቃ ተመልካች የሚያየው ተዋንያኑን፣ የሚሰማው ዘፋኞቹንና ኦርኬስትራውን ነው። ከእነዚህ ጀርባ ግን የፈጠራ ቡድን የሚባል ሌላ ስብስብ አለ፦ ተውኔቱን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ የዘፈኖቹን ግጥም የገጠመ፣ ዜማውን ለኦርኬስትራ ያቀናበረ፣ ዝግጅቱን የመራ፣ መድረኩን፣ አልባሳቱንና መብራቱን የነደፈ፣ ውዝዋዜውን ያሰናዳ። ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ደራሲውን ለማወቅ ሽፋኑን ማየት ይበቃዋል። እዚህ ግን ሁለት ጥያቄዎች ተያይዘው ይነሳሉ። ብዙ ሰው የሠራው አንድ ሥራ ደራሲው ማን ነው? ከሠሪዎቹ አንዱ ወጥቶ ሌላ ሲተካስ ሥራው ያው ሥራ ነው ሊባል ይችላል?

እነዚህን ጥያቄዎች እንደ «ካንዲድ» አጥብቆ የሚፈትን ሥራ ማግኘት ይከብዳል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው ፈረንሳዊው ቮልቴር በ1759 ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። የዋሁ ወጣት ካንዲድ መምህሩ ፓንግሎስ ያስተማረውን ይዞ ከአገር አገር ይንከራተታል። ትምህርቱ ከፈላስፋው ላይብኒትዝ የመጣ ነው፤ ይህ ዓለም ሊኖሩ ይችሉ ከነበሩት ዓለማት ሁሉ የተሻለው ነው ይላል። ካንዲድ የሚያየው ግን ጦርነትን፣ በ1755 ሊዝበንን ያፈራረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሰው በእምነቱ የሚቃጠልበትን አደባባይ ነው። ቮልቴር በመጽሐፉ ላይ ስሙን አላሰፈረም፤ ዶክተር ራልፍ የሚባል ሰው ከጻፈው ከጀርመንኛ የተተረጎመ አስመስሎ አወጣው። የደራሲነት ነገር ገና ከምንጩ የተድበሰበሰ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩን ወደ መድረክ ለማምጣት ያሰበችው አሜሪካዊቷ ጸሐፌ ተውኔት ሊሊያን ሄልማን ናት። ሄልማን በ1952 የፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ ራሷ እንጂ ስለ ሌሎች ሰዎች እንደማትመሰክር አስታውቃ ነበር። በቮልቴር ሊዝበን ውስጥ ያለው የመናፍቃን ችሎት ለእሷ የዘመኗ ዋሽንግተን ነበር። ዜማውን ሊዮናርድ በርንስታይን ያዘ። ግጥሙ ግን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጆን ላቱሽ ጀምሮ ተለየ፤ ሥራው ከመታየቱ በፊትም ሞተ። ዶሮቲ ፓርከር ለአንድ ዘፈን አስተዋጽኦ አደረገች፤ ሄልማንና በርንስታይን ራሳቸውም ገጠሙ፤ ትልቁን ሸክም የተሸከመው ገጣሚው ሪቻርድ ዊልበር ነው። ለኦርኬስትራ በማቀናበር ሄርሺ ኬይ ከበርንስታይን ጋር ሠራ። አዘጋጁ ታይሮን ገትሪ፣ የመድረክ ንድፉ የኦሊቨር ስሚዝ፣ አልባሳቱ የአይሪን ሻራፍ ነበሩ። እያንዳንዳቸው በየሙያቸው የታወቁ ነበሩ። «ካንዲድ» በዲሴምበር 1956 ኒው ዮርክ ውስጥ በማርቲን ቤክ ቴአትር ተከፈተ፤ 73 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ።

ሥራው ያን ጊዜ ሊሞት ይችል ነበር። ያቆየው የሸክላ ቅጂው ነው፤ ዜማው በቅጂው አማካይነት ከቴአትር ቤቱ ውጭ አድማጭ አገኘ። የመግቢያው ሙዚቃም በየኮንሰርቱ አዳራሽ ይሰማ ጀመር። በርንስታይን በ1990 ካረፈ ወዲህ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ይህን መግቢያ ለመታሰቢያው ያለ መሪ ይጫወተዋል።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ አንደኛውና የተለመደው መልስ ይሰጣል፦ ደራሲው የዜማው ባለቤት ነው። የኦፔራው ዓለም ይህን ልማድ ለረጅም ዘመን ይዞ ኖሯል። «ሪጎሌቶ» የቬርዲ ይባላል፤ ግጥሙን የጻፈውን ፒያቬን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። የብሮድዌይ ልማድ ይለያል፤ እዚያ ሮጀርስና ሃመርስታይን፣ ዜመኛውና ገጣሚው፣ እኩል ተጣምረው ይጠራሉ። የኦፔራ ቤት ሙዚቃዊ ቴአትር ሲያዘጋጅ እነዚህ ሁለት ልማዶች በአንድ ጣሪያ ሥር ይጋጫሉ። «ካንዲድ» ራሱ በሁለቱ መካከል የተወለደ ነው፤ የካንዲድ ፍቅረኛ የኩኔጎንድ ዘፈን ከፍተኛ የኦፔራ ሥልጠና ያላት ዘፋኝ ይፈልጋል፤ ንግግሩ ደግሞ የቴአትር ተዋናይ ይፈልጋል።

ሆኖም ዜማን የማንነት መለያ ማድረግ አያዛልቅም። በርንስታይን «ካንዲድ»ን እና «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን ጎን ለጎን ይደርስ ስለ ነበር ዜማዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግረዋል። በመጀመሪያ ለኩኔጎንድ የታሰበ ዜማ በ1957 በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ውስጥ የቶኒና የማሪያ የጋብቻ ቃል ኪዳን ሆኖ ተሰማ። ያ ዜማ ዛሬ የ«ካንዲድ» ነው የሚል የለም። ዜማን የአንድ ሥራ አካል የሚያደርገው በታሪኩ ውስጥ የቆመበት ቦታና የለበሰው ቃል ነው፤ ይህን ደግሞ ዜመኛው ብቻውን አይሰጠውም።

ሁለተኛው መልስ የኔልሰን ጉድማን ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ በ1968 ባሳተመው የኪነ ጥበብ ጥናቱ እንደ ሥዕል ባለ ጥበብና እንደ ሙዚቃ ባለ ጥበብ መካከል ልዩነት አስቀመጠ። ሥዕል ከሠሪው እጅ ጋር የተያያዘ ነው፤ ግልባጩ የቱንም ያህል ቢመሳሰል ሐሰተኛ ነው። የሙዚቃን ማንነት የሚጠብቀው ግን ኖታው ነው። ኖታውን በትክክል የተከተለ ማንኛውም አቀራረብ ያው ሥራ ነው፤ አንዲት ኖታ ከተሳሳተ ግን በጥብቅ አነጋገር ሥራው አልቀረበም። በዚህ መለኪያ የፈጠራው ቡድን ለሁለት ይከፈላል፦ ጽሑፉንና ኖታውን የሠሩት የሥራው ደራስያን ናቸው፤ አዘጋጁና ነዳፊዎቹ የአንድ ዝግጅት ሠሪዎች ብቻ ናቸው። መድረኩ በየዝግጅቱ ቢለወጥ ሥራው ሌላ ሆነ የሚል ስለሌለ ክፍፍሉ ትክክል ይመስላል።

የ«ካንዲድ» ቀጣይ ታሪክ ይህን ወሰን ያፈርሰዋል። በ1973 ሃሮልድ ፕሪንስ ሥራውን ብሩክሊን ውስጥ እንደገና ሊያዘጋጅ ሲነሳ ሄልማን የእሷ ድርሰት እንዳይነካ ከለከለች። ስለዚህ ሂዩ ዊለር ከቮልቴር ተነስቶ ፍጹም አዲስ ተውኔት ጻፈ፤ ስቲቨን ሶንድሃይም አዳዲስ ግጥሞች ጨመረ። ሥራው ወደ አንድ ገቢር አጠረ፣ ሰፊው ኦርኬስትራ ወደ 13 ሙዚቀኞች ወረደ፣ ብዙ ዜማ ተቆረጠ፣ የቀረውም ቦታውን ለወጠ። ተመልካቹ በመድረኮች መካከል ተቀምጦ ያይ ነበር። ዝግጅቱ በ1974 ወደ ብሮድዌይ ተዛውሮ 740 ጊዜ ታየ። በርንስታይን በዚህ ሁሉ እምብዛም አልተሳተፈም። ጽሑፉ እንዲለወጥ ያደረገውም፣ ዜማው የቱ ጋ እንዲገባ የወሰነውም አዘጋጁ ነው። በጉድማን መለኪያ የ1956ቱና የ1973ቱ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። የቴአትሩ ሰዎችና ተመልካቹ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም መጥራታቸውን አልተዉም፤ ይህን እንደ ስንፍና መቁጠር ተገቢ አይደለም። ፈላስፋዋ ሊዲያ ጎር በ1992 ባወጣችው ጥናት እንዳሳየችው፣ አንዴ ተጽፎ የማይለወጥ ሙሉ የሙዚቃ ሥራ የሚለው ሐሳብ ራሱ ጉልበት ያገኘው በ1800 አካባቢ ነው። ቴአትር ለዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ገብሮ አያውቅም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኮሊንግዉድ በ1938 የተለየ መንገድ አመልክቶ ነበር። ጥበብን የአንድ ሰው ብቸኛ ፍሬ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ጠቢቡ ከቀደሙት ይወስዳል፣ ከተዋንያን ጋር ይሠራል፣ ተመልካቹም ተባባሪው ነው ይላል። ሐሳቡ እውነት አለው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሁሉም ተባባሪ ነው ማለት ማን ምን እንዳደረገ ለሚጠይቅ መልስ አይሆንም። በደቦ የሚታጨድ አዝመራ ሠራተኛው የቱንም ያህል ቢበዛ ማሳው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በመድረክ ሥራ ግን ማሳውን ራሱን የሚፈጥሩት አጫጆቹ ናቸው፤ ባለቤትነቱ አስቀድሞ አይታወቅም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው ደራሲነትን በተጠያቂነት መመዘን ነው። ደራሲ ማለት ሥራው ለምን እንዲህ ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው ነው፤ ቡድንም ደራሲ የሚሆነው አባላቱ ለየራሳቸው ድርሻ ብቻ ሳይሆን አንዱ ለሌላው ሥራ ጭምር መልስ መስጠት ሲችሉ ነው። በዚህ ሲመዘን የ1956ቱ ውድቀት ምክንያቱ ይታያል። ካንዲድ ለምን ይንከራተታል ተብለው ቢጠየቁ ሄልማን የዘመኗን ፍርሃት ለማጋለጥ ትል ነበር፤ የበርንስታይን ሙዚቃ ደግሞ ለአውሮፓ ኦፔሬታ የቀረበ የፍቅር ስጦታ ነበር፤ የገትሪ ዝግጅት ወደ ግዙፍ ትዕይንት ያደላ ነበር። ችሎታ ሞልቶ ነበር፤ አንዱ የሌላውን መልስ የሚሸከም ግን አልነበረም። በ1973 ፕሪንስ አንድ መልስ ሰጠ፤ ሁሉም ለሳቅ ተሰለፈ። ሥራው ቆመ፤ ነገር ግን የቮልቴር ምሬትና የበርንስታይን ግማሽ ሙዚቃ ዋጋውን ከፈሉ። ኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ በ1982 ለኦፔራ ቤት የሚመጥን ባለ ሁለት ገቢር ቅጂ ሲያዘጋጅ የተቆረጠው ዜማ በብዛት ተመለሰ፤ አዘጋጁ ያው ፕሪንስ፣ ተውኔቱም የዊለር ስለነበር ሰፊው ሙዚቃ በቀልድ ተውኔት ላይ ተጫነ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ የቡድን አባል መጥቀስ ግድ ነው። የኦርኬስትራ መሪው ጆን ማውቸሪ የ1973ቱንም የ1982ቱንም መርቷል። መሪ የሌላውን ድርሰት የሚያስፈጽም እንጂ የሚፈጥር ተደርጎ አይታይም። ማውቸሪ ግን የቱ ዜማ ከየት እንደተነቀለ፣ ለየትኛው ቃል እንደተደረሰ የሚያውቅ ሰው ሆነ፤ በአንድ ዝግጅት የተጣለውን ለሌላው የሚያቆይ የቡድኑ ማኅደር ነበር። የስኮቲሽ ኦፔራ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሲሆን ይህን እውቀት ይዞ ግላስጎው ገባ።

የ1988ቱ የስኮቲሽ ኦፔራ ዝግጅት ስለ ፈጠራ ቡድን ምንነት ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ጆናታን ሚለርና ጆን ዌልስ አብረው አዘጋጁ፣ ሪቻርድ ሃድሰን መድረኩን ነደፈ፣ ዌልስ የዊለርን ተውኔት እያሻሻለ ወደ ቮልቴር አቀረበው፣ ማውቸሪ ዘፈኖቹን በታሪኩ ውስጥ ወደሚገባቸው ቦታ መለሰ። ዊለር በ1987 ሞቶ ነበር፤ ላቱሽ፣ ፓርከርና ሄልማንም ከዚያ በፊት አርፈዋል። ስለዚህ ግላስጎው ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች መከራከር፣ መስማማት ወይም መቃወም ከማይችሉ ባልደረቦች ጋር ይሠሩ ነበር። ሥራቸውን ትልቅ ያደረገው የሟቾቹን ዝምታ እንደ ፈቃድ አለመቁጠራቸው ነው። ላቱሽ ወይም ዊልበር ይህን ቃል ለምን እዚህ አስቀመጠው ብለው ጠየቁ፤ መልሱን በመድረክ ላይ እንዲሰማ አደረጉ። በርንስታይን ወደ ልምምዱ መጥቶ አየ። ዝግጅቱ ወደ ለንደን ኦልድ ቪክ ተሻግሮ የ1988ን የኦሊቪየር የሙዚቃዊ ቴአትር ሽልማት አገኘ፤ አሮጊቷን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ፓትሪሺያ ራውትሌጅም ተሸለመች። በርንስታይን ከዚህ ተነስቶ በ1989 ራሱ እያስተካከለ ለንደን ባርቢካን ውስጥ ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር አቀረበው፣ አስቀረጸውም። ለሠላሳ ዓመት ያህል ሌሎች የተከራከሩበትን ሥራ የዜማው ባለቤት በመጨረሻ ከእነሱ እጅ ተቀበለው።

በተጠያቂነት መለኪያ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ መልስ የሚሰጥ ሁሉ ደራሲ ከሆነ መብራት የሚያበራውም ደራሲ ሊባል ነው? መልሱ በደረጃ ነው። የአንድ ሰው ውሳኔ ሌሎች የግድ የሚያንጹበት መሠረት በሆነ መጠን ደራሲነቱ ይጨምራል። ሃድሰን የነደፈው መድረክ ለዚያ ዝግጅት መሠረት ነበር፤ ለሚቀጥለው አይደለም። የዊልበር ግጥም ግን ለሁሉም ዝግጅት መሠረት ሆኗል። በማጠቃለያው ኅብረ ዝማሬ ኦርኬስትራው ጸጥ ብሎ ድምፆቹ ብቻቸውን የሚቀሩበት ቦታ አለ፤ ይህን ቦታ የዊልበር ቃል፣ የበርንስታይን ዜማና የቮልቴር የመጨረሻ ሐሳብ ሳይለያዩ ይይዙታል። አዘጋጅ ሁሉ የቀደመውን ጉዞ ወደዚህ ለማድረስ ይገደዳል።

በዚሁ ሚዛን የሄልማን ስም ከቡድኑ ሊወጣ አይገባም። ተውኔቷ ከሥራው ወጥቷል፤ እንዳይነካ የከለከለችውም ራሷ ናት። ሆኖም ይህ ታሪክ እንዲመረጥ፣ በዚያ ዘመን እንዲነገር፣ በርንስታይንም እንዲደርስለት ያደረገችው እሷ ናት፤ ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ በእሷ ውሳኔ ላይ አንጸዋል። ሥራውን የበርንስታይን «ካንዲድ» ብቻ ብሎ የሚያስተዋውቅ የኦፔራ ቤት ዕዳውን ሳይከፍል ያልፋል። በ1989ኙ የበርንስታይን ቅጂ ውስጥ የኤልዶራዶ ዘፈን ግጥም አሁንም የሄልማን ነው።