የሩቅ ጦርነት፣ የቅርብ ዕዳ

በቀድሞው ዘመን ዘማች ጦር ያለፈበት መንደር ጦርነት ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አላስፈለገውም። ሠራዊቱ ደመወዝተኛ ስላልነበረ ስንቁ ከባላገሩ ጎተራ ይወጣ ነበር፤ በሬው ሲታረድ፣ እህሉ ሲዛቅ ባለቤቱ ቆሞ ያያል። የዘመናዊው ጦርነት አንዱ ረቂቅ ጠባይ ይህንን መሰወሩ ነው። ስንቁ በግብር መልክ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ከፊሉም በብድር ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ጎተራው ግን ያልተነካ ይመስላል።

የተሰወረውን ለመግለጥ ከተነሡት መካከል የአሜሪካ ተማሪዎች ይገኙበታል። «ተማሪዎች ለዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ» የተባለው ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. በ1964 ኒዋርክንና ክሊቭላንድን በመሳሰሉ ከተሞች ወደ ድሆች ሰፈር ገብተው፣ ከነዋሪው ጋር እየኖሩ፣ ስለ ቤትና ስለ ሥራ አጥነት ይታገሉ ጀመር። ዓመቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በድህነት ላይ ጦርነት ያወጁበት ነበር። ወዲያው የቬትናሙ ጦርነት ተፋፋመ፤ ማኅበሩም ኤፕሪል 17 ቀን 1965 በዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ አደረገ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1967 በኒው ዮርክ ሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ባሰሙት ንግግር ለድሆች የታሰበው ሀብትና ጉልበት በጦርነቱ እየተመጠጠ መሆኑን ገለጡ። በ1968 የወጣው ሕግ በገቢ ግብር ላይ 10 በመቶ ሲጨምር ከመንግሥት ወጪ 6 ቢሊዮን ዶላር እንዲቀነስ አዘዘ። ክርክሩ ከዚያ ወዲያ የወጣቶች ግምት ብቻ ነው ሊባል አልቻለም።

የሒሳቡ ስልት አዲስ አልነበረም። ጄኔራል የነበሩት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1953 አንድ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከ30 በሚበልጡ ከተሞች ዘመናዊ የጡብ ትምህርት ቤት እንደሚያሠራ ተናግረው ነበር። (ይህ ከወታደር አፍ መውጣቱ ሳያስደንቅ አይቀርም።)

ይሁንና የሚቆረቁር ጥያቄ አለ። ስለ ሰው ሕይወት በገንዘብ መከራከር ይገባልን? ጦርነቱ ርካሽ ቢሆን ኖሮ ፍትሐዊ ይሆን ነበርን? የኒዋርክን የሚያፈስ ጣሪያ ስንቆጥር በናፓልም የተቃጠለው የቬትናም ገበሬ ጎጆ በየትኛው ረድፍ ይመዘገባል? በየትኛውም አይመዘገብም። ይህ ነቀፋ ቀላል አይደለም፤ እኔም ለረጅም ጊዜ መልስ የሌለው መስሎኝ ኖሬአለሁ።

አስተያየቴን ያስለወጠኝ ሒሳቡ የሚነበብለትን ሰው ማሰቤ ነው። ይህ ሰው ጦርነቱ ሩቅ ነው፣ እኔ ጥይት አልተኮስሁም ይላል። ተማሪው የከተማውን ድርሻ ቆጥሮ ሲነግረው በመጀመሪያ የሚሰማው መዘረፉን ነው፤ የልጁ ትምህርት ቤት፣ የእናቱ ሐኪም ቤት ተወስዶበታል። ነገር ግን ያው አኀዝ ሌላም ይናገራል፤ ጎጆውን ያቃጠለው ቦምብ በእርሱ ገንዘብ ተገዝቷል። የመጀመሪያው ያስቆጣል፣ ሰልፍም ያበዛል። ሁለተኛው ያሳፍራል፣ አዳራሹንም ዝም ያሰኛል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያነብ ተማሪ በጦርነቱ ዋጋ ላይ ተከራከረ እንጂ ጦርነቱን ተቃወመ ለማለት ያስቸግረኛል። ጎተራው የተገለበጠበት ባላገር ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም፤ ግብር ከፋዩ ግን ድምፅ አለው፤ በየጥቂት ዓመቱም ይጠየቃል።